የሌሊት ታክሲ ነጂው አሮጌ ሞተር

በፈረንጆች ጥር ወር መጨረሻ ግድም፣ ላስ ቬጋስ ውስጥ ታክሲ የሚነዱ ሐበሾች በየዓመቱ ለየት ያለ ተሳፋሪ ይጭናሉ። ቁማርተኛ አይደለም፤ ለሠርግም ለስብሰባም አልመጣም። ጢሙ ሸብቷል፣ የቆዳ ጃኬቱ ክርኑ ላይ ተልጧል፣ ጥፍሩ ሥር የገባው ግራሶ በአንድ ሳምንት ሳሙና የሚለቅ ዓይነት አይደለም። ከአየር ማረፊያው ሲሳፈር «ሳውዝ ፖይንት» ይላል። ከዚያ በኋላ ወይ አፉን አይከፍትም፣ ወይ አንዴ ከከፈተ አይዘጋም።

ሳውዝ ፖይንት ከስትሪፑ በስተደቡብ ያለ ሆቴልና ካዚኖ ነው። ሚከም የተባለው አጫራች ኩባንያ በየዓመቱ ጥር ላይ ከሺህ በላይ አሮጌ ሞተር ሳይክሎች ሰብስቦ በመዶሻ የሚሸጠው እዚያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) በ1908 የተሠራ አንድ ሃርሊ ዴቪድሰን በ935 ሺህ ዶላር ተሸጧል። በ2018 ደግሞ በዚሁ ከተማ በሌላ ኩባንያ ጨረታ፣ በ1951 የተሠራ ቪንሰንት ብላክ ላይትኒንግ የተባለ የእንግሊዝ ሞተር 929 ሺህ ዶላር አውጥቷል። ለሁለት ጎማ! ያ ሃርሊ ከፋብሪካ ሲወጣ አፄ ምኒልክ ገና በዙፋናቸው ላይ ነበሩ።

የዚህ ጽሑፍ ባለታሪክ የጎንደር ልጅ ነው። የሚያውቁት ያውቁታልና ስሙ ይቅር። ዕድሜው ሃምሳን አልፏል፤ ላስ ቬጋስ ከገባ ከ20 ዓመት በላይ ሆኖታል። ማታ በ11 ሰዓት ታክሲውን ተረክቦ ጎሕ ሲቀድ ይመልሳል። እነዚያን ጢማም ተሳፋሪዎች ለብዙ ዓመታት ሳውዝ ፖይንት በር ላይ እያወረደ ተመልሷል። አንድ ዓመት ግን የጨረታው ሰሞን የዕረፍት ቀኑ ላይ ዋለና፣ የመግቢያውን ከፍሎ እሱም ገባ። «ለማየት ብቻ» ነበር ያለው። ቁማርተኛውም ሲገባ እንደዚያው ነው የሚለው።

ከረድፉ መካከል አንድ ቀይ ሞተር ቆሟል። ሞቶ ጉዚ ፋልኮኔ ይሉታል፤ ከ1950 ጀምሮ ጣልያን አገር የተሠራ ነው። ሲሊንደሩ እንደ ሌላው ወደ ላይ የቆመ ሳይሆን ወደ ፊት የተጋደመ፤ በጎኑ ደግሞ ቮላኖ የሚሉት ከባድ ክብ ብረት ከውጭ ተጋልጦ ይዞራል። ሰውየው እግሩ ተሳሰረ።

ልጅ ሆኖ ጎንደር ፒያሳ አጠገብ አንድ መካኒክ ነበሩ፤ ሠፈሩ ሁሉ ጋሼ ይላቸዋል። ከጋራዣቸው ጥግ ላይ ከጣልያን የተረፈ ጉዚ ነበራቸው። የፋልኮኔው ታላቅ ወንድም ማለት ነው፤ ያው የተጋደመ ሲሊንደር፣ ያው የሚዞር ብረት። እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ያስነሡታል። ድምፁ እንደ ዛሬዎቹ የንብ መንጋ አይደለም፤ ዱብ ... ዱብ ... ዱብ ይላል፣ አንዱን ዱብታ ከሌላው ለይቶ መቁጠር ይቻላል። ልጆቹ ተራ ጠብቀው እስከ ፋሲል ግንብ በር ይፈናጠጣሉ። ሰውየው በ16 ዓመቱ መንዳት የተማረው በእሱ ነው።

ጨረታው አዳራሽ ውስጥ ታዲያ የሞተሩ ባለቤት፣ ሰማንያ የሚጠጋቸው ሽማግሌ ፈረንጅ፣ አጠገቡ መጥተው ቆሙ። ሰውየው በእንግሊዝኛ ሊጠይቃቸው ፈልጎ ቃሉ ጠፋበትና፣ በእጁ እያሳየ «ፍሪሲዮኑ ... ካምቢዮው ... ይሄ ካንዴላው?» አለ። ሽማግሌው ዓይናቸው ፈጠጠ። ጣልያንኛ የት ተማርክ አሉት።

«ጋራዥ» አለ ሰውየው።

እውነቱን ነው። ጠላት ከጎንደር በ1941 ቢወጣም ቃላቱ ጋራዥ ውስጥ ቀርተዋል። ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ማርሽ፣ ፍሬን፣ ባልቦላ፣ ካቴና፣ ማርሚታ፣ ቸርኬ፣ ካቻቢቴ፣ ግራሶ፤ የባለቤትነት ደብተሩ ሊብሬ ሳይቀር ሊብሬቶ ከሚለው የመጣ ነው። አንድ የኢትዮጵያ መካኒክ ራሱ ሳያውቀው ጉዚን በተወለደበት ቋንቋ ይጠራዋል። እንግሊዝኛ እየተናገረ ላስ ቬጋስ ያደገ ሜካኒክ ይህን አይችልም።

ቀዩ ፋልኮኔ ሰውየው በዓመት ከሚቆጥበው በላይ አውጥቶ ተሸጠ። እሱም ወደ ቤቱ ሄደ። ነገሩ ግን አልሄደም።

ባለቤቱ ሆስፒታል ውስጥ ነርስ ረዳት ናት። ከሞተር ላይ የወደቀ ሰው በአልጋ ሲገባ ምን እንደሚመስል ከሱ ይልቅ እሷ ታውቃለች። የአሜሪካ የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤት እንደሚለው በተነዳው ማይል ሲሰላ ሞተረኛ በአደጋ የመሞት ዕድሉ ከመኪና ተሳፋሪ ከ20 እጥፍ በላይ ነው። ይህን ቁጥር ሳታነብም ታውቀዋለች። «እኛ ቤት ትርፍ ገንዘብ ካለ የወንድምህ ልጅ ትምህርት ቤት አለ፣ የእናቴ መድኃኒት አለ» አለችው። «እሺ ይሄን ሁሉ እንተወው። አንተን ማን ያነሣሃል?»

መልስ አልነበረውም፤ ነገሩን ዋጥ አደረገው። ጎንደር ላለው ወንድሙም በስልክ እንደ ዋዛ አነሣበት። ወንድምየው በጥሞና ካዳመጠ በኋላ «ስንት ሰው ይጭናል?» ሲል ጠየቀው።

«አንድ።»

«ዕቃስ?»

«ዕቃ አይጭንም።»

መስመሩ የተቋረጠ እስኪመስል ድረስ ዝም አለ። «ታዲያ ምን ያደርግልሃል?»

በወንድምየው መፍረድ አይቻልም። አገር ቤት ሞተር ማለት ሥራ ነው፤ የመንግሥት ባለሙያ ወደ ገጠር የሚወጣበት፣ መልእክተኛ የሚሮጥበት ነው። አዲስ አበባ ላይማ በሞተር የሚፈጸም ዝርፊያ በዝቶ፣ የከተማው አስተዳደር በሐምሌ 2019 ልዩ ፈቃድ የሌለው ሞተር እንዳይንቀሳቀስ እስከ መከልከል ደርሷል። ለደስታ ተብሎ የሚነዳ፣ ያውም አሮጌ፣ ያውም ገንዘብ ከማያመጣ ነገር ጋር መዋል ለወንድምየው የሀብታም ፈረንጅ በሽታ ነው። ሰውየውም ቢሆን በልቡ እንደዚያው ያስብ ነበር። ያሳፍረው የነበረውም ይኸው ነው።

ከሁለት ወር በኋላ ነው ባለቤቱ ራሷ፣ ልብስ እያጣጠፈች፣ ያልጠበቀውን የጠየቀችው። «አሜሪካ ከገባህ ጀምሮ ለሥራ ያልሆነ፣ ለሰው ያልሆነ፣ ለራስህ የገዛኸው ነገር ምንድን ነው?» አሰበ። ጫማው ለሥራ ነው። ስልኩ ለሥራ ነው። ሰዓቱ የልጁ ስጦታ ነው። ብዙ አሰበ። እሷም መልሱን ሳትጠብቅ ውሏን ተናገረች፦ ሌሊት ሠርቶ እንቅልፍ ሳይተኛ ሞተር ላይ አይወጣም፤ ኮርስ ሳይወስድ አይገዛም፤ ዋጋው ከ3,000 ዶላር አያልፍም፤ ወደ አገር ቤት ከሚላከውም አንድ ሳንቲም አይነካም።

ስለዚህ ከቲፕ ተጠራቀመ። የስልክ ታክሲዎቹ በ2015 ኔቫዳ ውስጥ ከተፈቀደላቸው ወዲህ የታክሲ ነጂ ቲፕ እንደ ድሮው ስላልሆነ 14 ወር ፈጀ።

አሮጌ ሞተር የሚመርጥ ሰው መጀመሪያ ከራሱ ጋር የሚጨርሰው ክርክር አለ፦ የሚታይ ነው የሚፈልገው ወይስ የሚነዳ? ሁለቱ አንድ ይመስላሉ፣ አይደሉም። ሰውየው በሳምንት ሁለት ቀን ያርፋል። ከሁለቱ አንዱ ለልጆቹና ለቤቱ ነው። የቀረችው አንዲት ጠዋት ናት። ያችን ጠዋት ጋራዥ ወለል ላይ ተንበርክኮ ከጣልያን አገር የሚመጣ ዕቃ እየጠበቀ ሊያሳልፋት ነው ወይስ መንገድ ላይ? ጉዚው የወደቀው እዚህ ላይ ነው፤ ከዋጋው ይልቅ በጠዋቲቱ ምክንያት። ይህን ለራሱ ማመን ግን ቀላል አልነበረም። በስልኩ ላይ የፋልኮኔውን ፎቶ እስከ ዛሬ አልሰረዘም።

ለምን አዲስ አይገዛም የሚል ይኖራል። አዲሱ ይሻላል፤ ፍሬኑም ይበልጣል፣ ጠዋት ጠዋትም አያስለምንም። ሰውየው ግን በቀን 12 ሰዓት የሚነዳው መኪና የሌላ ሰው ነው፤ መብራት ሲበራበት የሚከፍተው ኮምፒዩተር ያለው ሌላ ሰው ነው። አሮጌ ሞተር ላይ ካርቡራተሩ በዓይን ይታያል፣ ካንዴላው በእጅ ይፈታል፣ የታመመውን ነገር ጆሮ ይለየዋል። ይህ ደግሞ ጋሼ ያስተማሩት ነገር ነው፤ ከአገሩ ይዞት ወጥቶ ሳይጠቀምበት የኖረ ዕውቀት።

ሃርሊን ብዙ አላሰበበትም፤ ክብደቱም ዋጋውም አልገጠመውም። ጀርመኑ ቢ.ኤም.ደብሊው አር 75/5 (ከ1969 እስከ 1973 የተሠራው) በካቴና ፈንታ በዘንግ የሚነዳ፣ ባልቦላው በቀላሉ የሚስተካከል፣ ረጅም መንገድ የማይሰለች ሞተር ነው። በ3,000 ዶላር ግን ደህናውን አላገኘም። ዓይኑ ያረፈው በእንግሊዙ ትራየምፍ ቦንቪል ላይ ነበር፤ በ1959 ወጥቶ ስሙን ከዩታ የጨው ሜዳ የወሰደው። እውነትም ቁንጅና ካለ እሱ ላይ ነው። የ1970ውን አንድ ሻጭ ዘንድ ሄዶ አየው። የዚያ ዘመን እንግሊዞች ማርሹን በቀኝ እግር፣ የኋላ ፍሬኑን በግራ ያደርጉታል፤ ዛሬ ከሚነዳው ሁሉ የተገላቢጦሽ ነው። በድንገት ልጅ መንገድ ላይ ቢገባ እግር የሚያስታውሰው የቱን ነው? በሞተሩ ሥር ካርቶን ተነጥፏል፤ ካርቶኑ ላይ የዘይት ካርታ አለ። ሰውየው ምንም ሳይል መዳፉን ሲሊንደሩ ላይ አሳረፈ። ሞቋል።

ጋሼ «ሞተርና በቅሎ የሚታዩት ጠዋት ነው» ይሉ ነበር። በቅሎ ከሞቃት በኋላ አንካሳነቷ አይታወቅም፤ ሞተርም እንዲሁ። ገዢ ከመድረሱ በፊት ሞተሩን ያሞቀ ሻጭ፣ ሲቀዘቅዝ አልነሣ የሚል ነገር ሸጉጧል ማለት ነው። ሰውየው አመስግኖ ወጣ።

ሁለተኛው ሆንዳ ነበር፤ ሲቢ 750፣ በ1969 አራት ሲሊንደርና የፊት ዲስክ ፍሬን ይዞ ወጥቶ የእንግሊዞቹን ገበያ ያናጋው። ዋጋው 900 ዶላር ብቻ! ምክንያቱም ታይትል የለውም። «ሊብሬው ይጠፋል፣ ቀላል ነው፣ ታወጣለህ» አለው ሻጩ። ሊብሬ የሌለው ሞተር ባለቤቱ የሌላ ሰው ሊሆን ይችላል፤ ካልሆነም በየቢሮው መስኮት የሚያልቀው ጊዜ ከ900 ዶላሩ ይበልጣል። ደግሞም ሲቢ 750 ወደ 500 ፓውንድ ይጠጋል። የሃምሳ ዓመት ሰው ወገብ የሚያነሣውን ማወቅ አለበት፤ የባለቤቱ ጥያቄ በሌላ በኩል ተመልሶ መጣ ማለት ነው።

ሦስተኛው ሄንደርሰን ውስጥ ከአንድ ጡረታ የወጡ መምህር ቤት ነበር። ሆንዳ ሲቢ 350 ጂ፣ የ1973። ሁለት ሲሊንደር፣ 325 ሲሲ፣ ከትልቁ ወንድሙ ከ100 ፓውንድ በላይ የሚቀል። በቁልፍም በእግርም ይነሣል። ይህ ዓይነቱ በዘመኑ አሜሪካ ውስጥ እጅግ በብዛት ከተሸጡት ሞተሮች አንዱ ስለሆነ መለዋወጫው ዛሬም አይቸግርም፤ «ጂ» የተባለው ደግሞ የፊቱ ፍሬን ዲስክ ነው። «ብርድ ላይ እንድታየው ሳላስነሣ ጠብቄሃለሁ» አሉት መምህሩ። ሰውየው ይህን ሲሰማ ግማሹን ገዝቶ ነበር ማለት ይቻላል።

ቢሆንም ደንቡን አላፈረሰም። የነዳጁን ታንክ ከፍቶ በባትሪ መብራት ዝገት ፈለገ። ፍሬሙ ላይ የተመታውን ቁጥር ከታይትሉ ጋር አንድ በአንድ አስተያየ። የጎማውን ጎን አየ፤ እዚያ ላይ ያሉት የመጨረሻ አራት ቁጥሮች ጎማው የተሠራበትን ሳምንትና ዓመት ይናገራሉ፣ 3209 ቢል በ2009 ዓመት በ32ኛው ሳምንት ማለት ነው። ጥርሱ ያላለቀ ጎማ በዕድሜ ሊሞት ይችላል፤ የበረሃ ፀሐይ ደግሞ ያፈጥነዋል። የዚህኛው ጎማ አርጅቶ ስለነበር 200 ዶላር አስቀነሰበት። ዘይት የተቀየረበት ቀን ሁሉ በትንሽ ደብተር ተጽፏል፤ ይህ ሞተር የወረቀት ማጣሪያ ስለሌለው ዘይቱ ቶሎ ቶሎ ካልተቀየረ አይወድም።

ጉድለቱ ቀለሙ ነበር። ታንኩን አንድ ሰው ሆንዳ ፈጽሞ ያላወጣውን ብርቱካናማ ቀብቶታል። ለሰብሳቢ ይህ ኃጢአት ነው፤ ሳውዝ ፖይንት ላይ ቢቀርብ ማንም ዞር ብሎ አያየውም። ለሚነዳ ሰው ግን ታንክ የቤንዚን ቤት ነው፤ ዋጋውን ያወረደለትም ያ ብርቱካናማ ነው። በ2,600 ዶላር ተጨባበጡ።

ኮርሱን ቀድሞ ወስዶ ነበር። እዚያም የጋሼን ትምህርት በከፊል ማራገፍ ነበረበት። ጋሼ «የፊቱን ፍሬን የነካ አፈር ይልሳል» ይሉ ነበር፤ ለጎንደር የጠጠር መንገድ ልክ ነበሩ። አስፋልት ላይ ግን ሞተርን የሚያቆመው በአብዛኛው የፊቱ ፍሬን ነው፣ ቀስ ተብሎ ከተጨመቀ። እግሩ ብቻውን ወደ ኋላው ፍሬን ሲሮጥ አስተማሪው ሦስቴ መለሰው። ሄልሜት ኔቫዳ ውስጥ ሕግ ነው። ድልድዩን ተሻግሮ አሪዞና ሲገቡ ለአዋቂ ግዴታ አይደለም፤ ባለቤቱ ግን የአሪዞናን ሕግ አታውቀውም፣ እንድታውቀውም አልተነገራትም።

ስለ ሙቀቱ ግን መነገር አለበት። ሐምሌ 7 ቀን 2024 ላስ ቬጋስ 120 ፋራናይት ገብቷል፤ 49 ሴንቲግሬድ መሆኑ ነው። ይህ ሞተር ራዲያተር የለውም፤ የሚያቀዘቅዘው የሚነፍሰው አየር ብቻ ነው። በበጋ ቀትር ላይ ስትሪፑ መብራት ላይ ከታክሲ ኋላ መቆም ለሞተሩም ለነጂውም ቅጣት ነው። ስለዚህ ከሰኔ እስከ መስከረም ወይ ጎሕ ሲቀድ ነው፣ ወይ ወደ ቻርልስተን ተራራ ሽቅብ ነው፤ እዚያ ጥድ አለ፣ ብርድም አለ። የአሜሪካ ቤንዚን ደግሞ ኢታኖል ስለሚቀላቀልበት ቆሞ ከሰነበተ የካርቡራተሩን ጠባብ ቀዳዳ ይደፍናል። ሁለት ሳምንት የማይነዳ ከሆነ የነዳጁን መዝጊያ ዘግቶ፣ ካርቡራተሩ ውስጥ ያለው እስኪያልቅ ማስነሣት ነው።

የመጀመሪያዋ ጠዋት በጥቅምት ነበረች። ሰውየው ሌሊቱን ሲተኛ አድሮ በ11 ሰዓት ተነሣ። በ2023 ካውንቲው ትንሿ ኢትዮጵያ ብሎ የሰየመው ሠፈር አጠገብ ነው የሚኖረው፤ ምግብ ቤቶቹ ገና አልተከፈቱም። ጎረቤት እንዳይነቃ ሞተሩን እስከ መንገዱ ድረስ ገፋው። ከዚያ በ160 ወደ ምዕራብ፣ በ159 ወደ ቀኝ። ከተማው ባንዴ አለቀ። ፀሐይ ከኋላው ወጥታ ቀይ ድንጋዮቹን ስትነካቸው በ45 ማይል እየሄደ ነበር፤ ማንም ከኋላ ወንበር ላይ «ስንት ደቂቃ ቀረን?» አላለውም። ሜትር የለም። የሚደርስበት ቦታም የለም።

ብሉ ዳይመንድ የምትባለውን ትንሽ መንደር ገና እንዳለፈ ሞተሩ ሁለቴ አስነጠሰና ቀጥ አለ። ወደ ዳር አወጣው። ቢረግጥ አይነሣም። ካንዴላው? ሽቦው? ልቡ መምታት ጀመረ፤ ልጁን 2 ሰዓት ላይ ትምህርት ቤት ማድረስ አለበት። ቀና ሲል አህዮች ከበውታል። በዚያ መንገድ የዱር አህዮች እንዳሉ ታክሲ ነጂ ሁሉ ያውቃል፤ ቱሪስት ይጠይቃል። ከመኪና መስኮት ማየት ግን ሌላ ነው። አንዷ ቀርባ ብርቱካናማውን ታንክ አሸተተች።

ያን ጊዜ ነው ትዝ ያለው። አሮጌ ሞተር የነዳጅ መብራት የለውም። ከታንኩ ሥር ያለችው ትንሽ መዝጊያ ሦስት ቦታ ትዞራለች፤ ክፍት፣ ዝግ፣ መጠባበቂያ። ጋሼ «ሪዘርቭ ያላዞረ ሞተሩን ሰደበ» ይሉ ነበር። ወደ መጠባበቂያው አዞራት፣ ትንሽ ጠበቀ፣ ረገጠ። ተነሣ።

ስልኩ ጮኸ። ባለቤቱ ናት፤ ከሆስፒታል ሥራዋን ልትጀምር ስትል ነው።

«የት ነህ?»

«አህዮች መሀል።»

ዝም አለች። የሞተሩ ድምፅ እንደሚሰማት ያውቃል።

«ስንት ናቸው?» አለችው።

ቆጠራቸው። ሰባት ነበሩ፤ አንዷ ውርንጭላ አስከትላለች።